ከመቀስ ሥር የተረፈ ድምጽ

ጌታ ይባረክ! ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን ልጨርሰው።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። መዝሙር የጀመርሁት በልጆች ኳየር ነው። የመጀመሪያው አልበሜ ወጣ፤ ሁለተኛውን ስንጀምር አንገቴ ላይ የነበረው እንቅርት አደገ። በእኛ በጎጃም እንቅርት ብርቅ አይደለም። አፈሩም ውሃውም አዮዲን ያንሰዋል፤ እናቶቻችን አንገታቸውን በነጠላ ሸፍነው ኖረዋል። የእኔ ግን ትንፋሽ ይከለክለኝ ጀመር። አዲስ አበባ ሙዚቃው ተቀናብሮ አልቆ ነበር። የቀረው የእኔ ድምጽ ብቻ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ባሕር ዳር ሆነ። ሐኪሙ አልደበቀኝም። «የድምጽሽ ነርቭ ከዕጢው ኋላ ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፤ ሊነካ ይችላል» አለኝ። ዘማሪ ነኝ ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፈረምሁ።

ቀኑ በሰላም አለፈ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንዳች ነገር ሲያንቀኝ ነቃሁ። ፋሻው ጠቦኛል። በእጄ ስዳስሰው አንገቴ እንደ ኩፍ ያለ ሊጥ አብጧል። ለካ ውስጥ ለውስጥ እየደማሁ ነበር። እማዬን ልጠራት አፌን ከፈትሁ። ድምጽ የለም። እሷ ጋቢዋን ተከናንባ መሬት ላይ ተኝታለች። ኮመዲኖው ላይ የነበረውን ብርጭቆ ገፋሁት፤ ወድቆ ተሰበረ። «ኢየሱስ! ልጄን!» ብላ በባዶ እግሯ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። የመጣችው ነርስ አንዴ አየችኝና ፋሻውን ቀደደችው። ተረኛው ሐኪም ደረሰ። እዚያው አልጋዬ ላይ ስፌቱን ፈታው። የመቀሱን ቅዝቃዜ ዛሬም አንገቴ ያውቀዋል። በልቤ «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ» የሚለው መጣ። ቀጣዩ ጠፋብኝ። እማዬ ከበሩ ውጭ እያለቀሰች «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» ስትል ሰማኋት። አየር ገባ።

ሞት አለፈኝ፤ ድምጼ ግን አልተመለሰም። «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚሉት በእኔ ደረሰ። ከጉሮሮዬ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ ጌታን ተቀየምሁት። «እግሬን ብትወስደው ምናለ? ለአንተ የሰጠሁትን ለምን?» አልሁት። እህቶች ሊጸልዩልኝ ሲመጡ ጓዳ ገብቼ በር እዘጋለሁ። እነሱ ግን ረቡዕ አላስታጎሉም፤ ጌታ ዘመናቸውን ይባርክ። ለአቀናባሪው ቀብዴን መልስልኝ ብዬ ጻፍሁለት። «ፋይሉ አይጠፋም፤ ስትመጪ እንቀዳለን» ብሎ መለሰልኝ። እሱንም ጌታ ይባርከው።

አምስት ወር እንዲህ ሄደ።

አንድ እሁድ ጠዋት ቡና እየወቀጥሁ ነው። እማዬ ከደጅ «ሬዲዮ ከፈትሽ እንዴ?» አለች። ሬዲዮ አልከፈትሁም። ከዘነዘናው ምት ጋር እያዜምሁ ነበር! ዘነዘናውን ጥዬ ወጣሁ። ተቃቅፈን መሬት ላይ ተቀመጥን።

ነርቩ ተጎድቶ ነበር እንጂ አልተቆረጠም፣ ቀስ ብሎ አገገመ አሉኝ ሐኪሞቹ። አሜን። አዲስ ዝማሬን በአፌ የጨመረውን እኔ አውቀዋለሁ። ለቀረጻ ስሄድ ከደጀን ጀምሬ ዓባይ በረሃን እየዘመርሁ ወርጄ፣ እየዘመርሁ ጎሃ ጽዮን ወጣሁ። ተሳፋሪው ዝም ብሎ ሰማኝ።

አልበሙ ሲያልቅ በፍላሽ ገልብጬ ያቺን ነርስ ፍለጋ ሄድሁ። ተዛውራለች አሉኝ። ያን ሌሊት ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። እህቴ፣ ባለሽበት ጌታ ያስብሽ። ፍላሹ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።