ሦስተኛው ቦርሳ፦ ለሚረርለስ ካሜራ መያዣ ስፈልግ የተማርኩት

በሚረርለስ ካሜራ (እንደ ቀድሞዎቹ በውስጡ መስታወት በሌለው ዲጂታል ካሜራ) ፎቶ ማንሣት ከጀመርኩ አሥራ አራት ወር ሆኖኛል። በእነዚህ ወራት ስለ ብርሃንና ስለ ፎቶ ቅንብር ለመማር ካጠፋሁት ጊዜ የማይተናነስ ጊዜ የወሰደብኝ፣ ዕቃዬን ይዤ የምወጣበትን ቦርሳ መምረጥ ነው። ካሜራው ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ቦርሳ ይበቃዋል ብዬ ነበር የተነሣሁት። አሁን የያዝኩት ሦስተኛውን ቦርሳ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለምን እንዳልሆኑልኝና ሦስተኛውን በምን መንገድ እንዳገኘሁት፣ በዚሁ ፍለጋ ላይ ላላችሁ በዝርዝር ላካፍላችሁ።

ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ከዕቃዬ መጠን የሚነሣ ስለሆነ አስቀድሜ እሱን ልግለጽ። ካሜራዬ ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ30 ነው። ከባትሪውና ከሜሞሪ ካርዱ ጋር 383 ግራም ይመዝናል፤ ወርዱ 12፣ ቁመቱ 8.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተገጥሞበት የሚውለው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያለው ዙም ሌንስ (ይህ ቁጥር የትኩረት ርቀቱን እንጂ የሌንሱን ቁመት አይገልጽም) 310 ግራም ሲሆን፣ ብርሃን ሲያንስ የምጠቀምበት የ35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሌንስ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ መክፈቻው ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃንም ያስገባል) ደግሞ 170 ግራም ነው። የሦስቱ ድምር 863 ግራም ይሆናል። አልፎ አልፎ የምይዘው ከ55 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ለብቻው 580 ግራም ይመዝናል።

የመጀመሪያው ቦርሳዬ በጀርባ የሚታዘል ነበር። ወደፊት የምገዛቸውን ሌንሶች፣ ትሪፖዱንና ላፕቶፑን ሁሉ እንዲይዝልኝ በማሰብ፣ ማለትም ገና ላልነበረኝ ዕቃ ስል ነው የገዛሁት። ባዶውን ሲመዘን 1.3 ኪሎ ግራም ስለነበር፣ መያዣው ከተያዘው ይከብድ ነበር ማለት ነው። ክብደቱን ምናልባት እለምደው ነበር፤ ልለምደው ያልቻልኩት ካሜራውን ለማውጣት የሚፈጀውን ጊዜ ነው። አንድ ማለዳ በወንዝ ዳር ስሄድ፣ አንድ ዓሣ አዳኝ ወፍ ከውኃው በላይ በተዘረጋ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ አርፎ አየሁ። ቦርሳውን ከትከሻዬ አውርጄ ጤዛ ባረጠበው ሣር ላይ አጋደምኩት፤ ዙሪያውን የሚዞረውን ዚፕ ሳብኩ፤ ከዚያም ካሜራውን የሸፈነውን ውስጠኛ ክዳን ስገልጥ ቬልክሮው ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ አወጣ። ቀና ስል ቅርንጫፉ ባዶውን ይወዛወዝ ነበር። ቤት ተመልሼ ያንኑ እንቅስቃሴ በሰዓት ስለካው፣ ካሜራው ከጀርባዬ ተነሥቶ ዓይኔ ላይ እስኪደርስ 19 ሴኮንድ ፈጀብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቦርሳ ሳይ አስቀድሜ የምጠይቀው ምን ያህል እንደሚይዝ ሳይሆን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰጠኝ ሆነ።

ከ19 ሴኮንዱ ስሸሽ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ሁለተኛው ቦርሳ በወገብም በትከሻም የሚያዝ፣ በጣም ትንሽና ያማረ ነበር። መግለጫው ላይ የሰፈረው ልኬት 22 በ13 በ12 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ይህ ሲባዛ ወደ 3.4 ሊትር ይመጣል። ካሜራዬ ሌንሱ እንደተገጠመበት፣ ከኋላው ስክሪን እስከ ሌንሱ ክዳን ጫፍ በማስመሪያ ስለካው 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሌንሱን ወደ ታች አድርጌ ባስቀምጠው 13 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃዋል ብዬ ወሰንኩ። የተጻፈው ልኬት ግን የውጪው ነበር። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ሲቀነስ ውስጡ የሚቀረው 20 በ11 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 2.2 ሊትር ብቻ ነው። ከተጻፈው መጠን ከሲሶ በላይ የሚሆነውን የያዘው የቦርሳው የራሱ ግድግዳ ነበር። ቦርሳው በጉልበት ይዘጋል፤ ሲዘጋ ግን የዚፑ ጥርስ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይጫናል። በሁለተኛው ሳምንት በስክሪኑ የላይኛው ጥግ ላይ ጥፍር የምታክል ቀጭን ጭረት አየሁ። ፎቶው ላይ የምታመጣው ለውጥ ባይኖርም፣ ካሜራውን ባበራሁ ቁጥር ትታየኛለች።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ስለምንሳሳትበት ነገር ትንሽ ልቆይ። ሚረርለስ ካሜራ ያነሰው በቀድሞዎቹ ካሜራዎች መካከል የነበረው መስታወትና ማረፊያው ስለወጣለት ነው። መስታወቱ በመውጣቱ ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት (ማያያዣው) ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ ወደሚያደርገው ሴንሰር መቅረብ ችሏል፤ በኒኮን የቀድሞው ኤፍ ማያያዣ ይህ ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር የነበረ ሲሆን በዜድ ማያያዣ 16 ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ በካነንም ከ44 ወደ 20 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ይህ የካሜራውን አካል ያሳሳዋል። የሌንሱን መጠን የሚወስነው ግን በዋናነት የሴንሰሩ ስፋትና የሌንሱ መክፈቻ ነው፤ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ የራሱ መስታወት ሰፊ መሆን አለበት፣ ካሜራው ስለሳሳም አይቀንስም። ለምሳሌ የሶኒ አልፋ 7 ሦስተኛው ትውልድ ካሜራ ከነባትሪው 650 ግራም ሲመዝን፣ ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ያለው የዚሁ ኩባንያ ሁለተኛ ትውልድ ኤፍ 2.8 ሌንስ 695 ግራም ነው፤ ርዝመቱም 12 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ካሜራው ከሌንሱ ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ ለሚረርለስ ቦርሳ ሲመረጥ መለካት ያለበት ራቁቱን ያለው ካሜራ ሳይሆን፣ ዘወትር የሚውልበት ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ ነው።

ሦስተኛውን ከመግዛቴ በፊት ገንዘብ የማያስወጣ ሙከራ አደረግሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህ እንዲሆን እወዳለሁ። ከአንድ የጫማ ካርቶን ላይ ቆርጬ የቦርሳ ውስጥ የሚያክል ሣጥን በፕላስተር ሠራሁ። በመጀመሪያ ካሜራውን ሌንሱ ወደ ታች ሆኖ አቆምኩት። በዚህ አቀማመጥ ክብደቱ በሌንሱ አፍ ላይ እንዳያርፍ፣ የካሜራው አካል ሁለት ጎን በመከፋፈያ ላይ ተደግፎ ሌንሱ በአየር ላይ መንጠልጠል አለበት። ይህን ካስተካከልኩ በኋላ እጄን አስገብቼ ለማውጣት ስሞክር አልቻልኩም። ዕቃው በልኩ ገብቷል፤ ለጣቶቼ የሚሆን ቦታ ግን የለም። የካሜራውን የእጅ መጨበጫ በአራት ጣት ጨብጬ ለማንሣት በዚያ በኩል ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ እንደሚያስፈልገኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። በማንም የምርት መግለጫ ላይ ይህ ቁጥር ተጽፎ አላየሁም፤ ነገር ግን አንድን ቦርሳ ምቹ ወይም አስቸጋሪ የሚያደርገው ከምንም በላይ እሱ ነው።

ካርቶኑን ሦስት ጊዜ ቆርጬ ከቀጠልኩ በኋላ የደረስኩበት ልክ ይህ ነው፦ ለካሜራው ወርድ 12፣ ለጣት 2.5፣ ለመከፋፈያው 1፣ ለ35 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ 6.5፣ ለሁለት ትርፍ ባትሪዎች 2 ሴንቲ ሜትር፤ ድምሩ 24። ከፊት ወደ ኋላ 11፣ ከፍታው ደግሞ ስክሪኑን ምንም ነገር እንዳይነካው 4 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተጨምሮበት 16። ይህ ውስጣዊ ልኬት ወደ 4.2 ሊትር ሲሆን፣ የስፖንጁ ውፍረት ሲጨመርበት ውጪው 26 በ18 በ13፣ ማለትም 6.1 ሊትር ይሆናል። ያው አንድ ቦርሳ አንዱ ሻጭ ዘንድ የ4፣ ሌላው ዘንድ የ6 ሊትር ሊባል ይችላል። ካርቶኑን ይዤ ቦርሳ ወደሚሸጥበት ሄድኩና እያንዳንዱ ውስጥ አስገብቼ ሞከርኩት። ጠርዙ ሳይታጠፍ የገባበትና ክዳኑም ሳይጫነው የተዘጋው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ገዛሁ።

አዲሱ ቦርሳ በሰያፍ ከትከሻ የሚንጠለጠል ነው። ከጀርባዬ ወደ ሆዴ አዙሬ፣ ዚፑን ከፍቼ ካሜራውን ዓይኔ ላይ ለማድረስ 5 ሴኮንድ ይበቃኛል። ለዚህ ፍጥነት የረዳኝ አንድ ትንሽ ነገር የክዳኑ አከፋፈት ነው፤ ክዳኑ ከሰውነቴ ወደ ውጪ ስለሚገለጥ እጄ ያለምንም መሰናክል ቀጥታ ይገባል። ወደ ሰውነት የሚገለጥ ክዳን በእጅና በካሜራው መካከል ይቆማል። በሌላ በኩል ወደ ውጪ የሚከፈት ክዳን ዚፑ ሳይዘጋ ከተረሳ ስናጎነብስ ዕቃውን ሊያፈስ ስለሚችል፣ ካሜራውን ባወጣሁ ቁጥር ቢያንስ እስከ ግማሽ መዝጋትን ልማድ አድርጌዋለሁ።

ማንገቻው ሲመጣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው፤ በ3.8 ሴንቲ ሜትር ቀየርኩት። ቦርሳው ከነዕቃው 1.6 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ይህ ሁሉ በአንድ ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ የማንገቻው ስፋት በሁለተኛው ሰዓት ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል። ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይዞ ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ ሰው ግን ሰያፍ ቦርሳ አልመክርም፤ ያኔ ክብደቱን ለሁለት ትከሻ የሚያካፍለው በጀርባ የሚታዘለው ይሻላል።

ስለ ጨርቁ ብዙ አልልም። በናይለን ቦርሳዎች ላይ 500 ወይም 1000 ዲኒየር ተብሎ የሚጻፈው የክሩን ውፍረት የሚያመለክት ሲሆን፣ 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም ስንት እንደሚመዝን ማለት ነው። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት 500ው በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ውኃን በተመለከተ ዋናው የጨርቁ ሽፋን ሳይሆን ስፌቱና ዚፑ ነው። ቦርሳው ውስጥ ደረቅ ሶፍት ዘርግቼ ለአሥር ደቂቃ ውኃ ሳፈስበት፣ ጨርቁ አንዲት ጠብታ ሳያሳልፍ ሶፍቱ በዚፑ ሁለት ጥግ በኩል ረጥቦ ተገኘ። ስለዚህ በፊተኛው ኪስ ውስጥ አንድ የታጠፈ የፕላስቲክ ከረጢት አይጠፋም።

የስፖንጅ ብዛትንም አንሥቼ ማለፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ወፍራም ሲሆን ይሻላል ብለን በቀላሉ እናምናለን። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የፊላደልፊያ ኢንኳየረር ጋዜጣ ፎቶ አንሺ የነበረው ጂም ዶምኬ ለራሱ ሥራ ብሎ የሠራው የሸራ ቦርሳ፣ የጊዜው ጠንካራ ሣጥኖች ያልነበራቸው አንድ ባሕርይ ነበረው፤ ለስላሳ ስለሆነ በሰውነት ላይ ይተኛል። የእንግሊዙ ቢሊንግሃም ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የዓሣ አጥማጆች ቦርሳ ይሠራ ነበር፤ ፎቶ አንሺዎች ለካሜራቸው ሲገዙት ነው ወደዚህ ሥራ የዞረው። ሁለቱም መነሻቸው የተሸካሚው እንቅስቃሴ ነው። እኔም ከቦርሳዬ ጋር ከመጡት ሦስት መከፋፈያዎች ሁለቱን አውጥቼ አንዱን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ ወፍራም ስፖንጅ የሚያስፈልገው ከታችና ዕቃው እርስ በርሱ በሚነካካበት ቦታ ነው።

በሚረርለስ ካሜራ የቦርሳው ንጽሕና ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሌንስ ሲቀየር ከሴንሰሩ ፊት የሚቆም መስታወት ስለሌለ፣ በቦርሳው ጥግ የተጠራቀመው የጨርቅ ብናኝ በሌንሱ ጀርባ ላይ አርፎ በቀላሉ ወደ ሴንሰሩ ይሻገራል። በሰማይ ፎቶዎቼ ላይ በተመሳሳይ ቦታ የሚደጋገሙ ግራጫ ነጠብጣቦች ማየት ስጀምር መንስኤውን ያገኘሁት በቦርሳው ታችኛው ስፌት ውስጥ ነው። አሁን በየሁለት ሳምንቱ መከፋፈያውን አውጥቼ ቦርሳውን ገልብጬ አራግፋለሁ፤ ሌንሶቹንም ያለ ኋላ ክዳናቸው አላስቀምጥም። ከዝናብ ስመለስ ደግሞ ዕቃውን በሙሉ አውጥቼ ቦርሳውን ክፍት አድርጌ አሳድራለሁ። ስፖንጅ እርጥበት አምቆ ይይዛል፤ ሌንስ ለረጅም ጊዜ በእርጥብና በጨለማ ቦታ ከቆየ በመስታወቱ ላይ ሻጋታ ሊበቅል ይችላል፤ ሻጋታው የመስታወቱን ቅብ ከበላ በኋላም ቢጸዳ ምልክቱ አይለቅም። ቦርሳ የመጓጓዣ ዕቃ እንጂ የማከማቻ ዕቃ አለመሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ባትሪዎቹን በተመለከተ፣ ሚረርለስ ካሜራ ሴንሰሩና ስክሪኑ ሁልጊዜ ስለሚሠሩ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፤ ሁለት ትርፍ ይዤ እወጣለሁ። የተሞላውን ፊቱን ወደ ላይ፣ ያለቀውን ወደ ታች አድርጌ ማስቀመጤ በችኮላ ጊዜ ከመሳሳት አድኖኛል። የብረት ጫፋቸው ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር እንዳይነካካ ክዳን ሊኖራቸው ይገባል፤ በአውሮፕላን ስንጓዝም ትርፍ የሊቲየም ባትሪ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይደለም።

የቀረኝ ያልተፈታ ነገር ከ55 እስከ 200ው ሌንስ ነው። ቁመቱ 11.8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በ16ቱ ከፍታ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ውፍረቱ ግን 7.5 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ የሚገባው 35ቱና ባትሪዎቹ ከወጡለት ብቻ ነው። ለዚህ ስል ትልቅ ቦርሳ ልግዛ ወይስ ይቅር የሚለውን ለመወሰን፣ ከእያንዳንዱ የፎቶ ጉዞ ስመለስ የትኛውን ሌንስ በእርግጥ እንዳወጣሁ በማስታወሻ ደብተር መጻፍ ጀምሬአለሁ። እስከ ዛሬ በ22 ጉዞዎች ውስጥ 35ቱን 17 ጊዜ፣ ረጅሙን ሌንስ 3 ጊዜ ነው ያወጣሁት። 30 ሲሞላ ደግሜ አየዋለሁ፤ እስከዚያው ረጅሙ ሌንስ መደርደሪያው ላይ ይቆያል።