ግማሹን ዱቄት የሰጠችው ሴት

ሶልት ሌክ ሲቲ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ጁላይ 24 ከተማው ሥራ ዘግቶ ሰልፍ ይወጣል፣ ማታ ርችት ይተኩሳል። ለኔ የእረፍት ቀን ነበር፣ በቃ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልጄን ይዤ በዓሉ ወደሚታሰብበት ቦታ፣ ኤሚግሬሽን ካንየን መውጫ ላይ ወዳለው "ዲስ ኢዝ ዘ ፕሌስ" ፓርክ ሄድኩ።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሞርሞን የሚባሉት የሃይማኖት ተከታዮች መሪ ጆሴፍ ስሚዝ በ1844 ኢሊኖይ ውስጥ እስር ቤት እንዳለ ሰዎች ገብተው ገደሉት። ተከታዮቹ በ1846 ፌብሩዋሪ ናቩ ከሚባለው ከተማቸው መውጣት ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ላይ የመጀመሪያው ቡድን በብሪገም ያንግ መሪነት እዚህ ሸለቆ ደረሰ። ሸለቆው ግን ባዶ አልነበረም፤ ዩት፣ ሾሾኒና ጎሹት የሚባሉት ሕዝቦች ከነሱ በፊት ይኖሩበት ነበር።

ልጄ የእጅ ጋሪው ጋ ቆመ። "እማዬ፣ ፈረሱ የታለ?" አለኝ። ፈረስ የለውም፣ ሰው ነው የሚጎትተው አልኩት። በሬና ሠረገላ መግዛት ያልቻሉ ስደተኞች ናቸው እንዲህ እየጎተቱ የመጡት። በ1856 ዘግይተው የተነሱ ሁለት ቡድኖች ዋዮሚንግ ላይ በረዶ ያዛቸውና ከ200 በላይ ሰው አለቀ። መጎተቻውን ያዝ አድርጌ ለቀቅኩት። ልቤ ወደ አክስቴ ሄደ። በደርግ ጊዜ ከጎንደር ገዳሪፍ ድረስ በእግሯ ነው የሄደችው።

ከዚያ በ2022 የቆሙትን አራት ሐውልቶች አየሁ። ጥቁሮች ናቸው! ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬ አለማወቄ ከነከነኝ። ግሪን ፍሌክ፣ ሃርክ ዌልስና ኦስካር ስሚዝ ከመጀመሪያው ቡድን ጋር የመጡ ባሪያዎች ነበሩ። ሌላው ነፃነት ፍለጋ ሲጓዝ እነሱ የሰው ንብረት ሆነው ተጓዙ።

አራተኛዋ ጄን ማኒንግ ጄምስ ነች። እሷ ነፃ ሴት ነበረች። በ1843 ከቤተሰቧ ጋር ከኮነቲከት ስትነሳ መንገድ ላይ መርከብ አናሳፍርም ስላሏቸው እስከ ናቩ ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄዱ። ጫማቸው አልቆ፣ እግራቸው ተሰነጣጥቆ፣ የእግራቸው ዱካ በደም መሬት ላይ ይታይ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። እዚህ ከደረሰች በኋላም የረሃብ ጊዜ መጣ። ያኔ ኤላይዛ ላይማን የምትባል ጎረቤቷ ቤት የሚበላ ጠፋ። ጄን አንድ ኪሎ የማይሞላ ዱቄት ሰጠቻት፤ ካላት ግማሽ ያህሉ ነበር። ይህን ኤላይዛ በማስታወሻዋ ጽፋዋለች። ያችው ጄን ቤተ መቅደስ ገብታ እንደ ሌሎቹ ሥርዓቱ እንዲፈጸምላት ደጋግማ ስትለምን ኖራ፣ ሳይፈቀድላት በ1908 ሞተች። ይሄን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ማታ ለአክስቴ ደወልኩና የዱቄቱን ነገር ነገርኳት።

"ግማሹን? ልጆች እያሏት?"

"አዎ፣ ልጆች እያሏት።"

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ ልጄ" አለችኝ። "መተማን አልፈን አንዲት ሴት ውሃ አጠጥታን ነበር። ከእንስራዋ ያለውን ሁሉ። ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ።"