ፕሮግራሙን ከየት አወረድከው?

የምሠራው አዲስ አበባ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ነው። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ እንዲያስተካክል ተላከ። ላፕቶፑ ላይ ፑቲ አልነበረም፤ ከስዊችና ከሰርቨር ጋር በትእዛዝ የምንገናኝበት ነፃ ፕሮግራም ነው። ጎግል ላይ ስሙን ጽፎ ከላይ የመጣለትን አወረደ። ሊከፍተው ሲል ደረስኩ።

«ከየት አወረድከው?» አልኩት።

«ከራሱ ከፑቲ ገጽ ነው ጋሼ። ስሙም አለበት፣ ቁልፉም አለ» አለኝ፤ አድራሻው አጠገብ ያለችውን የቁልፍ ምልክት እያሳየኝ።

ምልክቷ የምትለው በመንገድ ላይ ማንም አያነበውም ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ታማኝ ይሁን ሌባ አትነግርም። ገጹም ከላይ የመጣው በማስታወቂያ ተከፍሎበት ነበር።

እውነተኛውን ገጽ ከጎኑ ከፈትኩለት። የፑቲ ባለቤት ሳይመን ታተም የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ገጹ ጌጥ የለውም፤ ያኔ የከፈትኩት አድራሻም «ግሪንኤንድ» የሚል እንጂ የፕሮግራሙን ስም በዋናነት የያዘ አልነበረም። «የትኛው ሐሰተኛ ይመስልሃል?» ብዬ ስጠይቀው የጠቆመኝ ይህንኑ እውነተኛውን ነው። አልፈረድኩበትም፤ በመልክ ከሆነ ማንም እንዲሁ ይል ነበር።

ከዚያ የወረደውን ፋይል በቀኝ ተጭነን ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገባን። በእውነተኛው ላይ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» በሚለው፣ ፋይሉን ማን እንዳወጣው የሚያሳይ ፊርማ ባለበት ሥር፣ የሳይመን ታተም ስም ይገኛል። እሱ ባወረደው ላይ ግን ፊርማ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ሳይከፈት ጠፋ።

ልጁ፣ ፋይሉ ቫይረስ ቢኖረው ኮምፒውተሩ ይበላሽ ነበር ከማለት በቀር ሌላ ጉዳት አልታየውም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲማንቴክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ያጋለጠው ሐሰተኛ ፑቲ ሥራውን በደንብ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን የሰርቨሩን አድራሻ፣ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃሉን ለሌባው ይልካል። ስክሪኑ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ፕሮግራም እኮ ነው!

«ታዲያ የታወቁ ማውረጃ ገጾችስ?» አለኝ። በዚያው በ2015 ሶርስፎርጅ የተባለው የነፃ ፕሮግራሞች ማውረጃ ገጽ ጂምፕ የተባለውን የሥዕል ማስተካከያ መጫኛ ከማስታወቂያ ፕሮግራሞች ጋር አስሮ ሲያቀርብ እንደነበረ፣ በ2016 አዲሶቹ ባለቤቶች ያንን አሠራር እንዳቆሙት ነገርኩት። ፊርማም ቢሆን ሁሌ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረዘው ሲክሊነር የተባለ የኮምፒውተር ማጽጃ ፕሮግራም የተሰራጨው ከራሱ ከአምራቹ ነበር፤ ፊርማውም ትክክለኛ ነበር።

ስለዚህ የተፈተሹ መጫኛዎችን የምናስቀምጥበት የጋራ ፎልደር ከፈትን፤ ከዚያ ውጭ መጫን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ብቻ ሆነ። ፎልደሩ ግን ቶሎ ያረጃል። ፑቲ ራሱ እስከ 0.80 እትም ድረስ፣ በይለፍ ቃል ፈንታ ከምንገባባቸው ምስጢራዊ ቁልፎች አንዱን ዓይነት የሚያጋልጥ ከባድ ክፍተት ነበረበት፤ የተደፈነው በ2024 በወጣው 0.81 ነው። ፎልደሩን ከየባለቤቶቹ ገጽ ጋር እያመሳከረ የሚያድስ ሰው ሲፈለግ ልጁ እኔ ልያዘው አለ፤ ሰጠነው።