የቺቪታ ስቅለት

ሮም ውስጥ የማስታምማቸው ሲኞራ የባኞሬጆ ልጅ ናቸው፤ ቺቪታ የምትባል መንደር ከአጠገቧ ያለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 የእነሱ የካቶሊኮቹ ስቅለት ከእኛ አንድ ሳምንት ቀድሞ ዋለ። ሲኞራ ሁለት ቀን ፈቃድ ሰጡኝና «ሂጂልኝ» አሉኝ። «እኔን እግሬ እምቢ ብሎኛል። ክርስቶስ ወደ ቺቪታ ሲመለስ አይተሽ ደውይልኝ።»

እስከ ኦርቪየቶ በባቡር ነው፣ ብዙ የሚወራ የለውም። እዚያ ትኬት ፍለጋ ላይ ታች ስል ወደ ባኞሬጆ የሚሄደው አውቶቡስ አመለጠኝ። ቀጣዩ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስጠብቃል። ባለታክሲው 60 ዩሮ አለኝ። ብለምነውም አልቀነሰም። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ያ ብር እስካሁን ይቆጨኛል።

ከባኞሬጆ ጫፍ ቆሜ ቺቪታን ሳያት ግን ንዴቴ ሁሉ ጠፋ። እኔ የአምባሰል ልጅ ነኝ፤ ግሸንን እያየሁ ነው ያደግኩት። አምባ ሳይ ልቤ ይደነግጣል። ይቺ መንደር ደግሞ ቁርጥ አምባ ናት። ዙሪያዋን ገደል፣ አናቷ ላይ ቤትና የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ መግቢያዋ አንድ ቀጭን የእግረኛ ድልድይ። ከሮማውያን በፊት የነበሩት ኤትሩስካውያን ከቆረቆሯት ከ2500 ዓመት በላይ ሆኗታል።

ልዩነቱ ከሥሯ ነው። የእኛ አምባ እስከ ታች አለት ነው። ቺቪታ ከላይ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ፣ ከታች ሸክላ አፈር ናት። ዝናቡ ሸክላውን ሲያጥበው ድንጋዩ ከነቤቱ ይናዳል። በ1695 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት ጳጳሱም ሹማምንቱም ወደ ባኞሬጆ ተሻገሩ። የካቶሊኮቹ ቅዱስ ቦናቬንቱራ የተወለደበት ቤት እንኳ ገደል ገብቷል። ዛሬ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ለመግባት 5 ዩሮ ይከፈላል። ድልድዩ የተሠራው በ1965 ነው፤ መጨረሻው ላይ ዳገቱ ጉልበት ይፈትናል። ቀን ላይ በጎብኚ ተጨናንቆ ነበር። አይስክሬም እየላሱ በስቅለት ቀን ሲሳሳቁ ሳይ ከፋኝ። እኛ ጋ ይሄን ቀን ሰው ሲሰግድ ይውላል። እኔም በጾም ነበርኩ፤ ሆሳዕና ገና ከነገ ወዲያ ነው። ደግነቱ የተጠበሰ ዳቦ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት አገኘሁ። ዘይቱ ጉሮሮ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ትኩስ ነው።

ሳን ዶናቶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሰቀለው ክርስቶስ ምስል ያለበት አንድ ጥንታዊ የእንጨት መስቀል አለ። በ1499 ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ከዚህ መስቀል ድምፅ ወጥቶ አንዲት ደግ ሴት አነጋገረ፣ መቅሰፍቱም ቆመ ይላሉ። በየዓመቱ በስቅለት ቀን ምስሉን ከመስቀሉ አውርደው በቃሬዛ ያስተኙትና ድልድዩን አሻግረው ለሰልፉ ወደ ባኞሬጆ ይወስዱታል። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት ካልተመለሰ ባኞሬጆ ታስቀረዋለች። ጳጳሱን ወስዳለች፣ ሕዝቡን ወስዳለች። ይሄን ግን እስከ ዛሬ አልሰጧትም።

ማታ ጎብኚው ሲሄድ አገሩ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ከተማው ውስጥ ሰልፉ ካበቃ በኋላ ቃሬዛውን ተከትዬ ድልድዩ ላይ ወጣሁ። ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ሻማዬ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ኮፍያቸውን አውልቀው ከለሉልኝ። «ፊሊያ ሚያ (ልጄ)፣ ከየት ነሽ?» አሉኝ። ኢትዮጵያ አልኳቸው። የሲኞራን ቤተሰብ ስነግራቸው አወቋቸው፤ በልጅነታቸው አንድ ትምህርት ቤት ነበሩ። ባለቤታቸው ከቦርሳቸው በፎጣ የተጠቀለለ የፋሲካ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ቀረፋና አኒስ ይሸታል። እንቁላል ስላለበት አልቀመስኩትም፤ ለሲኞራ ብዬ ያዝኩት።

ዳገቱ ላይ ተሸካሚዎቹ እርምጃቸውን አጠበቡ። የሚሰማው ትንፋሻቸውና የጫማቸው ድምፅ ብቻ ነው። በሩ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ቃሬዛውን ዝቅ አድርገው አሳለፉት። አዛውንቱ ሰዓታቸውን በሻማው ብርሃን አዩ። ለስድስት ሃያ ጉዳይ ነበር።

ቃሬዛው ሳን ዶናቶ ሲገባ ሴቶቹ መዝሙር አነሱ። እኔም በራሴ ቋንቋ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ወጥቼ ደወልኩ። ሲኞራ በመጀመሪያው ጥሪ አነሱት፤ ሁሌም በሦስት ሰዓት የሚተኙት ሴትዮ።

«ተመለሰ?»

«ተመልሷል፣ ሲኞራ።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ስልኩን ወደ በሩ አድርጊልኝ» አሉኝ። መዝሙሩ እስኪያልቅ ስልኩን ዘርግቼ ቆምኩ።