ከስታዲየም በላይ ያለው ሰማይ

ዛሬ ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ጥንብ አንሳ አየሁ። ስታዲየም አካባቢ፣ ከቢሮዬ መስኮት። ከክረምቱ በፊት አንድ አይቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ሥራዬን ትቼ ብድግ አልኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ነይ እዪ፣ ቶሎ ነይ!" አልኳት። መጥታ ቀና ብላ አየችና "አሞራ ነው እኮ" ብላ ተመለሰች።

አልፈርድባትም። እኔም እስከ ዛሬ ሁለት ዓመት ድረስ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበውን ሁሉ አሞራ እያልኩ ነው የኖርኩት። እዚሁ አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ፣ በየቀኑ ከራሴ በላይ የሚያልፉትን አንዱን ከአንዱ አልለይም ነበር።

የለወጠኝ አንድ ጭላት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ብቻዬን ቆሜ ነበር። ከታች ልኳንዳ ቤት አለ። ድንገት መጥቶ የበረንዳው ብረት ላይ ቁጭ አለ። እጄን ብዘረጋ ልነካው ምንም አልቀረኝም። በአንድ እግሩ የሞራ ቁራጭ ጨብጧል። ምንቃሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብጫ ነው፤ እግሮቹም ብጫ ናቸው። ነፋሱ የደረቱን ላባ ሲገልበው እያንዳንዷ ላባ መሃሏ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር እንዳላት አየሁ። ከሩቅ ዝም ብሎ ቡናማ የሚመስለው ወፍ ለካ እንደዚህ በጥንቃቄ የተሠራ ነው! ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ። እሱም አየኝ። ከዚያ ከብረቱ ላይ ወደ ታች ተወርውሮ ክንፉን ዘረጋ፤ እየበረረ እግሩን ወደ ፊት አምጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሞራውን በአየር ላይ መብላት ጀመረ። ምሳዬን ሳልበላ ወደ ቢሮ ገባሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ማለት ልማዴ ሆነ። ጭላትን በጅራቱ ነው የምለየው። ሲበር መሃሉ ገባ ያለ ነው፤ እንደ ዓሣ ጅራት። እንደ መሪም ወዲህና ወዲያ ይጠመዝዘዋል። ረዳቶቹ "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!" እያሉ በሚጣሩበት ቦታ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦና በመብራት ምሰሶ መካከል ምንም ሳይነካ ሹልክ ይላል። በበጋ ደግሞ ምንቃራቸው የጠቆረ ዘመዶቻቸው ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው ይቀላቀሏቸዋል። አሁን ጥቅምት ስለሆነ ዓይኔ እነሱን ፍለጋ ላይ ነው።

ሁዳዴ ላይ ልኳንዳ ቤቶች ሲዘጉ የኛ ሰፈር ጭላቶች ይመናመናሉ። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ግን በግ የታረደበት ግቢ ሁሉ ላይ ሲዞሩ ይውላሉ። የፆሙን መፍቻ ከኛ እኩል የሚጠብቁ ነው የሚመስለኝ።

ሌሎችም አሉ። ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ካሉት ትልልቅ ዛፎች በላይ ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ እንደ ሸክላ የቀላ ጭልፊት አይቻለሁ። አይጥ አዳኝ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ወፍራም ምንቃሩ ቁራ ደግሞ አዳኝ አሞራ ባይሆንም ጭላትን እያሳደደ መከራውን ሲያሳየው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይሄ ቁራ ከኛና ከጎረቤቶቻችን ደጋ በቀር የትም የለም። ለብቻው ሌላ ቀን እጽፍለታለሁ።

የዛሬው ግን ጥንብ አንሳ ነው። ሰፊ ክንፍ፣ አጭር ጅራት፣ ክንፉ ጫፍ ላይ እንደ ጣት የተከፋፈለ ላባ። ክንፉን ብዙም አያርገበግብም። ፀሐይ አስፋልቱንና ጣሪያውን ስታሞቅ የሚነሳውን ሙቅ አየር ይዞ ነው እየዞረ የሚወጣው። ለዚህ ነው በማለዳ ሰማይ ላይ የማይታየው። አንዴ ቄራ አካባቢ ጣሪያ ላይ ሆኖ ከቅርብ አይቼዋለሁ። ላባ የሌለው ፊቱ ሮዝ ነገር ነው። ሌላ መጥቶ ሲጋፋው ፊቱ ቦግ ብሎ ቀላ። እንደ ሰው!

ሰው ስሙን ሲሰማ አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የጽዳት ሠራተኛ አላውቅም። የጨጓራው አሲድ ከባድ ስለሆነ ሌላውን የሚገድል የበሰበሰ ሥጋ ለሱ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዓለም ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመዘገበ። ለጅብና ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ ይገድለዋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም ይገድለዋል። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥንብ አንሳዎች እንደ ቅጠል የረገፉት ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ያለበትን የከብት ሬሳ በልተው ነበር። ጥንብ አንሳ ሳይበላው የቀረውን ሬሳ እየበሉ የውሾች ቁጥር በዛ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ጥንብ አንሳ ባየሁ ቁጥር ደስታዬ ከስጋት ጋር ነው የሚመጣው።

ዘንድሮ ከክረምቱ በፊት ከሕንፃችን ጀርባ የነበረው ትልቅ ባህር ዛፍ ተቆረጠ። ጭላቶቹ ጎጆ የሚሠሩት እሱ ላይ ነበር። ጥበቃው ጋሼ ጠርተው ወድቆ ያገኙትን ጎጆ አሳዩኝ። ደግነቱ ጫጩት አልነበረበትም። ጭራሮ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ ቀይ ጨርቅ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የነጠላ ጥለት። የማን እናት ነጠላ ከየትኛው ገመድ ላይ ተወስዶ ይሆን? ጋሼ "በየዓመቱ እዚህ ነበር የሚፈለፍሉት። አሁን ወዴት ይሂዱ ልጄ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥለቱን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ።

ማታ እማዬ ጋ ደውዬ ጥንብ አንሳ ማየቴን ነገርኳት። እማዬ ፈረንሳይ ሰፈር ዶሮ ስታረባ ጭላትን በዱላ ስታባርር የኖረች ሴት ናት። ጫጩቶቿን ስንቴ እንደወሰደባት እስከ ዛሬ ትቆጥራለች። ስለ ጭላት ሳወራላት "አንቺ ደግሞ፣ ሌባ ታደንቂያለሽ!" ነው የምትለኝ። ስለ ጥንብ አንሳ ስነግራት ግን ዝም አለች። ቆይታ "ድሮ እኮ ቄራ ጣሪያው ላይ ተኮልኩለው ነበር የሚውሉት። አባትሽ ሥጋ ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ስሄድ እፈራቸው ነበር" አለችኝ። "ስንት ይሆናሉ?" አልኳት። "ማን ይቆጥራቸዋል? ጣሪያው አይታይም ነበር።"

ከዚያ ራሷ "አሁንስ አሉ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። ከሦስት ሰዓት በፊት እንድንደርስ ነግሬያታለሁ፤ አየሩ ከሞቀ ይነሳሉ።