ሌዘሩን ያላበራንበት ቀን

ደሴ ውስጥ በአንድ የቆዳ ክሊኒክ የሌዘር ክፍል ነርስ ነኝ። ከአገጭ፣ ከብብት፣ ከእግር ላይ ፀጉር ማንሳት ነው ሥራዬ። ደንበኞቻችን ከከተማው ብቻ አይደሉም። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር ይመጣሉ። ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ ብዙ ናቸው፤ ሌዘርን እዚያ አይተውት ነው የሚመጡት።

አንድ ቀን እናትና ልጅ መጡ። ልጅቷ ሙሽራ ናት፤ ሰርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አገጯ ላይ የሚወጣው ፀጉር እንቅልፍ ነስቷታል። እናትየውም እግረ መንገዳቸውን የራሳቸውን አገጭ ሊያስነሱ ፈልገዋል። የሁለቱም ሂሳብ ተከፍሏል። የእናትየውን ቅጽ የሞላችላቸው ልጅቷ ናት። ንቅሳት አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ "የለም" ብላለች።

እናትየው ወንበሩ ላይ ጋደም አሉ።

"እማማ፣ እስቲ ሻሹን ይፍቱት" አልኳቸው።

ሲፈቱት ከአገጫቸው ሥር ጀምሮ አንገታቸውን የዞረ ንቅሳት ታየ። ረድፍ በረድፍ፣ በልጅነታቸው የተነቀሱት፣ እስካሁን ያልደበዘዘ። ልጅቷ አፏን ያዘች። "ውይ! ሳየው ስላደግኩ እኮ ትዝም አላለኝ!" እውነቷን ነው። ከእናት አንገት ጋር አብሮ የኖረን ነገር ማን ቅጽ ላይ ያስታውሰዋል?

መሣሪያውን አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ሌዘር ፀጉርን ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ጥቁር ቀለምን ነው። ብርሃኑ ሜላኒን በሚባለው የፀጉሩ ቀለም ይዋጥና ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ እስከ ሥሩ ወርዶ ፀጉሩን የሚያበቅለውን ክፍል ያበላሻል። የአሠራሩ መርህ የተቀመጠው በ1983 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው ያሳተሙት። ችግሩ ሜላኒን ቆዳችንም ውስጥ አለ። የእኛ ቆዳ ደግሞ ብዙ አለው። ለነጣ ቆዳ የሚመረጠው፣ የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት 755 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) የሆነው አሌክሳንድራይት ሌዘር እኛን በቀላሉ ሊያቃጥለን ይችላል። ስለዚህ ለጠቆረ ቆዳ በአብዛኛው የሚመረጠው ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ ሞገዱ 1064 ናኖሜትር የሆነው ነው። የላይኛው ቆዳ ሜላኒን እሱን የሚውጠው በጥቂቱ ነው፤ ጠልቆም ይሄዳል።

ንቅሳት ግን በጥላሸት የተሠራ ነው። ጥላሸት ሁሉንም ሞገድ ይውጣል። የፀጉር ማንሻ ሌዘር ንቅሳት ላይ ሲያርፍ ቦታው ባንዴ ይግላል። ቆዳው ውሃ ይቋጥራል፣ ጠባሳ ይተዋል፣ ያ ያማረ መስመርም ይበላሻል።

ኃላፊያችን ተጠርቶ መጣ። "ከፍለዋል እኮ፤ ንቅሳቱን በነጭ ፋሻ ሸፍነሽ አገጩን ሥሪላቸው" አለኝ። መሸፈኑ የተለመደ ዘዴ ነው፤ በጥንቃቄ ከተሠራ ያስኬዳል። እኔ ግን የእናትየውን አገጭ ወደ መብራቱ አዙሬ አሳየሁት። ፀጉሩ ሽበት ነው። ሽበት ደግሞ ቀለም የለውም፤ ብርሃኑን የሚውጠው ነገር ስለሌለ ስድስት ጊዜ ቢመላለሱም ያው ነው። እንዲህ ላለ ሰው ገንዘብ መቀበል ትክክል አይመስለኝም፤ ይህንኑ ነገርኩት። ብሩ ተመለሰ፤ ፊቱ ባይፈታም።

"ታዲያ ይሄን ጢም ምን ላርገው ልጄ?" አሉኝ እናትየው። በክር ማስነቀሉ እንደሚበቃቸው ነገርኳቸው። ለዘለቄታው ከተፈለገ ሥሩን አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ የሚያቃጥል ቀጭን መርፌ አለ፤ ለሽበትም ይሠራል። "በቃ ክሩ ይበቃኛል፣ ዕድሜ ይስጥሽ" ብለው ሻሻቸውን አሰሩ።

ተራው የልጅቷ ሆነ። አገጯን ስዳስሰው ልስልስ ነው። "ንጹህ ሆኜ ልምጣ ብዬ ትናንት በክር አስነቀልኩት" አለችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ሌዘሩ የሚፈልገው ግን ያንን የተነቀለውን ሥር ነው። ከመምጣት በፊት በክር፣ በዋክስ፣ በሐላዋ (በስኳር በተሠራ ማጣበቂያ) መንቀል አይቻልም። ለአራት ሳምንት ያህል መተው፣ ካስፈለገ በምላጭ መላጨት ብቻ። ማቅሊያ ክሬም ትቀቢያለሽ ወይ ስላት አቀረቀረች። እሱም መቆም ነበረበት፤ የተቆጣ ቆዳ ላይ ሌዘር አይተኮስም።

ሌላም ጠየቅኳት። የወር አበባዋ ሁለትና ሦስት ወር ይዘልላል። አገጭ ላይ ጠንካራ ፀጉርና የተዛባ የወር አበባ ሲገናኙ የሆርሞን ችግር ሊኖር ይችላል፤ በእንቁላል ማምረቻ ላይ የሚታየው ፒሲኦኤስ አንዱ ነው። እሱ ካልታየ ሌዘሩ ያለውን ቢያነሳም አዲስ ማብቀሉ አይቆምም። ወደ ማህፀን ሐኪም ላክኋት።

"ሰርጌስ?" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በጣም አሳዘነችኝ፤ ግን መዋሸት አልቻልኩም። ፀጉር ሁሉ ባንድ ጊዜ አያድግም። ከፊሉ ያድጋል፣ ከፊሉ ያርፋል። ሌዘር የሚይዘው በማደግ ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ለፊት በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዙር ያስፈልጋል። ለሰርጉ ዋዜማ በክር ታስነቅል፤ ሌዘሩን ከሰርጉ በኋላ ባዲስ እንጀምራለን አልኳት።

ተመልሳ መጣች፣ ከሐኪም መድኃኒት ተጀምሮላት። መጀመሪያ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ሞከርን፤ የጠቆረ ቆዳ ጉዳቱን ዘግይቶ ስለሚያሳይ ጥቂት ቀን ጠበቅን። ከዚያ ጀመርን። ሕመሙ የብር ላስቲክ ተስቦ ቆዳ ላይ ሲለቀቅ ዓይነት ነው። የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ቆዳው ለሰዓታት፣ አንዳንዴ ለአንድ ሁለት ቀን ቀላ ይላል፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይበቃዋል። ውሃ ከቋጠረ ግን ወዲያው መምጣት ነው። በሳምንት በሁለት ሳምንት ፀጉሩ ብቅ ብቅ ይላል፤ ብዙው እየረገፈ ነው እንጂ እያደገ አይደለም። ፀሐይ ደግሞ ዋና ጠላት ናት። የደሴ ብርድ አያታልል፤ ከፍታው ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ነጠላ ግድ ነው።

አሁን አገጯ ላይ የቀረው ጥቂት ስስ ፀጉር ነው። ጨርሶ ይጠፋል ብዬ ቃል አልገባሁላትም፤ በዓመት አንዴ ሁለቴ መመለስ ሊኖርባት ይችላል። እኛም ቅጹን ማመን ትተናል። ሻሽ አስፈትተን፣ አንገት አይተን፣ ቆዳውን ዳስሰን ነው መሣሪያውን የምናበራው።