ወር በወር የተከራየ ጋጣ

የአክስቴ ልጅ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ከምትባለው ሰፈር ጥቂት አለፍ ብሎ ይኖራል። ቅዳሜ ጠዋት ሆሊውድ ተጀመረበት የሚባለውን ጋጣ ለማየት እንደምሄድ ስነግረው ከቡናው ቀና ብሎ «ከአዲስ አበባ ድረስ የፈረስ ቤት ልታይ መጣህ?» አለኝ። አብሮኝ አልሄደም።

በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ተጉዤ፣ ሃይላንድ ጎዳናን ሽቅብ በእግሬ ተያያዝኩት። ጋጣው ሆሊውድ ቦውል ከሚባለው የአደባባይ የሙዚቃ መድረክ ፊት ለፊት፣ የመኪና ማቆሚያ መካከል ለብቻው ቆሟል። ቤቱ የጣውላ ነው፤ ግርማ ሞገስ የሚባል ነገር የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1913 መጨረሻ ሴሲል ቢ. ዴሚል የሚባል የኒውዮርክ የቲያትር ሰው በባቡር ወደ ምዕራብ መጣ። ፊልም አዘጋጅቶ አያውቅም። ከኋላው ሆነው ገንዘቡን የያዙት የመድረክ ትርኢት ነጋዴው ጄሲ ላስኪና የላስኪ እኅት ባል፣ በኋላ ሳሙኤል ጎልድዊን ተብሎ የታወቀው የእጅ ጓንት ሻጭ ነበሩ። ዴሚል መጀመሪያ አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ ቢወርድም ቦታው አልጣመውምና ጉዞውን ቀጠለ። ከዚያም «ሆሊውድ በሚባል ስፍራ ጋጣ በወር በ75 ዶላር ልከራይ» ሲል ቴሌግራም ላከ። መልሱ ተከራይ፣ ግን ወር በወር ይሁን፣ ረጅም ውል እንዳትገባ የሚል ነበር። ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህ ጥንቃቄ ወዲያው ይገባዋል።

የጋጣው ባለቤት ፈረሶቹንና ሠረገላውን ከዚያው አላወጣም። ፈረስ ይታሰርባቸው ከነበሩት ክፍሎች ገሚሶቹ የተዋንያን መልበሻ ሆኑ። ውስጥ የዴሚል ቢሮ እንደ ድሮው ተሰናድቷል፤ ከጠረጴዛው አጠገብ ብዙ ቆየሁ። ሠረገላው በታጠበ ቁጥር ውኃው ወደ ቢሮው ስለሚፈስ ዴሚል እግሮቹን የወረቀት መጣያ ቅርጫት ውስጥ ከትቶ ይቀመጥ እንደነበር ራሱ ያወራ ነበር። ወለሉን ጎንበስ ብዬ አየሁት። የውኃ ምልክት የምፈልግ ይመስል!

ፊልም ሠሪዎች ወደ ካሊፎርኒያ የሸሹት በካሜራና በፊልም መሣሪያዎች የፈጠራ መብት (ፓተንት) ስም ክፍያ ይጠይቅ የነበረውን የኤዲሰንን የባለ ፓተንቶች ማኅበር ፈርተው ነው ይባላል። እኔ ግን ፀሐዩን አስቀድማለሁ። ያን ጊዜ የሚቀረጸው ከደጅ፣ ጣሪያ በሌለው መድረክ ላይ፣ ብርሃኑን በነጭ ጨርቅ እያለዘቡ ነበር። ደግሞስ የመጀመሪያው ፊልማቸው በፊልሙ ጥቅል ጠርዝ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ስሕተት ምክንያት ስክሪን ላይ እየዘለለ ሲያስቸግራቸው ፊላደልፊያ ውስጥ ጠግኖ ያተረፈላቸው ሲግመንድ ሉቢን የዚያው ማኅበር አባል አልነበረም?

ከዚያ በኋላ ያለው የተከራዩ ማደግ ነው። በ1916 የላስኪ ድርጅት ከሌላው ፊልም ሠሪ ከአዶልፍ ዙከር ድርጅት ጋር ተቀላቀለ፤ ፓራማውንት የሚባለው አከፋፋይም በእጃቸው ገባ። ቀጥሎ ሲኒማ ቤቶችን መግዛት ጀመሩ። ተዋናይዋ በውል የታሰረች፣ ፊልሙ የእነሱ፣ አከፋፋዩ የእነሱ፣ የተመልካቹ ወንበርም የእነሱ። ነጻ ሲኒማ ቤት ያለው ሰው የዝነኛዋን ተዋናይ የሜሪ ፒክፎርድን ፊልም ቢፈልግ ያላያቸውን ሌሎች ፊልሞች አብሮ እንዲወስድ ይገደዳል፤ ስኳር ከፈለግህ ሳሙናውንም ጨምረህ ግዛ እንደሚል ባለሱቅ። ሌሎቹ ትልልቅ ስቱዲዮዎችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈርዶባቸው ስቱዲዮና ሲኒማ ቤት መለያየት የጀመሩት በ1948 ነው።

ጋጣውስ? ቆሞበት የነበረው የሴልማና የቫይን ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ ነበር። ድርጅቱ በ1926 ወደ አዲስ ግቢ ሲዛወር ነቅሎ ይዞት ሄደ፤ እዚያም የሠራተኞች ስፖርት መሥሪያ ሆነ። በ1979 ከግቢው ወጣ፣ በ1983 ደግሞ አሁን ያለበት ቦታ ደረሰ። ዕቃውን ጭኖ ከሰፈር ሰፈር እንደሚዞር ተከራይ ማለት ነው።

ማታ ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ዘረዘርኩለት። ስለ ዙከርም ስለ ፍርድ ቤቱም ምንም አላለም። እንጀራውን ጠቅልሎ ትንሽ አሰበና፣

«ባለቤቱ ግን ኪራይ አልጨመረባቸውም?» ብሎ ጠየቀኝ።